ኢንሹራንሱ ወንድሜን ከሱስ ሕክምና አስወጣው፤ አናፖሊስ ሄጄ ብመሰክር የሚለወጥ ነገር አለ?

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ስሙን አልጠራም።

ችግሩ መጠጥ ነው። ድብርትም አለበት፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ እሱም አያውቀውም። መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ኢንሹራንሱም በሥራው በኩል ነው። ባለፈው ወር ራሱ "በቃኝ፣ አሳክሙኝ" አለ። እናታችን ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስትሳል ነው የኖረችው። ሆስፒታል ገብቶ መጠጡ ከሰውነቱ እስኪወጣ በመድኃኒት ረዱት። ከዚያ ተኝቶ የሚታከምበት ማዕከል ገባ። ሳምንት ሳይሞላው ኢንሹራንሱ "ከዚህ በኋላ ተኝቶ መታከሙ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም፣ እየተመላለሰ ይታከም" ብሎ ክፍያውን አቆመ። ከኪሳችሁ ከፍላችሁ ይቆይ ተባልን፤ የጠየቁን ገንዘብ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ወጣ። አሁን እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። እስካሁን አልጠጣም፤ ግን ሌሊት ሲንጎራደድ እሰማዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኢንሹራንሱ እንዲህ ማድረግ ይችላል? ሱስና የአእምሮ ሕመም እንደማንኛውም በሽታ ይሸፈናል የሚል ሕግ የለም እንዴ? ሌላው፣ የአካባቢያችን ማኅበር ጃንዋሪ ላይ የግዛቱ ምክር ቤት በዋና ከተማችን አናፖሊስ ሲከፈት ስለዚህ ሽፋን የሚመሰክሩ ሰዎች እየፈለገ ነው፤ እኔንም ጠየቁኝ። እናቴ "ገመናችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?" ብላ አዘነች። እውነት የእኔ መናገር የሚለውጠው ነገር አለ? ወይስ እናቴን በከንቱ ማሳዘን ነው?

አዛውንቱ ከአሌክሳንድሪያ

ልጄ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ነው ያደግነው፣ ግን የዚህን በሽታ ነገር ሁላችንም እንደብቃለን። እናትሽን አትቀየሚያቸው። እኛ ዘንድ "የሰካራም ቤት" ከተባለ ሌላውም ልጅ ትዳር ይቸግረዋል፤ እሳቸው የሚያስቡት ይህንን ነው።

እኔ ብሆን ሀገር ቤት ወስጄ ጠበል አስጠምቀው ነበር። የባለቤቴ እህት ልጅ ሄዶ ተሽሎት ተመልሷል። ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ለልብና ለስኳር እንጂ ለዚህ የቆመ አይመስለኝም። እኔም ባለቤቴም የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር ላይ ነን። እሷን ድብርቱ አልጋ ላይ ካዋላት ሰንብቷል። ለእኛ ለሽማግሌዎቹስ የወጣ ሕግ አለ? የሚያውቅ ቢነግረኝ።

ማርታ ከሮክቪል

እህቴ፣ ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። በአንድ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ለታካሚዎቹ የኢንሹራንስ ፈቃድ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሐኪምም ጠበቃም አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነኝ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። "እየተመላለሰ ይታከም" ካሉ እሱን እምቢ አትበሉ፤ ይግባኙን እየጠየቃችሁ ጀምሩት። በሳምንት ብዙ ቀን፣ በየቀኑ ለሰዓታት የሚሰጥ ጠንከር ያለ የተመላላሽ ሕክምና አለ፤ እሱን ጠይቁ። ስለ ናልትሬክሶንም ሐኪሙን አነጋግሩ። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ለሁሉም ባይስማማም ብዙዎችን ይረዳል፤ የቤተሰብ ሐኪምም ሊያዝዘው ይችላል። አንድ አደራ አለኝ፦ ተመልሶ መጠጣት ጀምሮ በድንገት ካቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከቃዠ፣ ቤት ውስጥ አታስታምሚው። 911 ደውይ። አልኮል በድንገት ሲቆም ሊገድል ይችላል። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ደግሞ ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 አለ፤ ስትደውዪ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወረቀቱን ካየሽ እንደፈለገ መከልከል አይችልም። ስልኩ ላይ ግን ሌላ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ስደውል ወዲያ ማዶ ያለው ገምጋሚ ይጠይቀኛል። እጁ ይንቀጠቀጣል? ደም ግፊቱ ስንት ነው? ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው? "እየተሻለው ነው" ካልኩ "እንግዲያው መተኛት አያስፈልገውም" ይለኛል። "አልተሻለውም" ካልኩ ደግሞ "እንግዲያው ይህ ሕክምና እየሠራለት አይደለም" ይላል። በሁለቱም መልስ ታካሚው መውጣቱ ነው። የሚፈቅዱልን ሦስት ቀን፣ አራት ቀን እየቆነጠሩ ነው። ታካሚዎቹ ይህንን ያውቃሉ። ስለ ሕይወታቸው ሊያወሩ በተቀመጡበት "ነገ እወጣ ይሆን?" እያሉ ይጨነቃሉ። ሌላም አለ። "መጀመሪያ በተመላላሽ ሞክሮ አልሳካ ይበለውና ያኔ ይተኛ" ይሉሻል። የመጠጥ ሱስ ላለበት ሰው "አልሳካ ማለት" ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። መኪና እየነዳ ሊሆን ይችላል።

ስትሮክ መትቶት እንደገና መራመድ ሊማር ማገገሚያ የሚገባ ሰውም ፈቃድ ይጠየቅለታል። ሕጉ የሚለው ለዚያ ሰው የሚቀርበው መስፈርትና ለወንድምሽ የሚቀርበው እኩል ይክበድ ነው። የእሱ ከከበደ ሕግ ተጥሷል።

ይህ ሕግ ኦክቶበር 3፣ 2008 ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ባንኮችን ለማዳን በወጣው ትልቅ ሕግ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለፈው። የ1996ቱ ቀዳሚው በገንዘብ ጣሪያ ላይ ብቻ የቆመ ነበር፤ ሱስንም አልነካም። የ2008ቱ ሱስን ጨመረ፤ የቀን ብዛትን፣ የሐኪም ጉብኝትን፣ ቅድመ ፈቃድን ሁሉ ነካ። ግን "ሽፋን ስጡ" አላለም፤ "ከሰጣችሁ እኩል ስጡ" ነው ያለው። "ስጡ" ያለው በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ነው። ከ2014 ጀምሮ ግለሰቦችና ትናንሽ ድርጅቶች የሚገዙት ኢንሹራንስ የግድ ከሚሸፍናቸው 10 የአገልግሎት ዘርፎች አንዱ የአእምሮና የሱስ ሕክምና ሆነ። "በሽታው ቀድሞ ነበረብህ" ብሎ መመለስም ቀረ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ኮንግረስ ኢንሹራንሶች ለአካል ሕክምናና ለአእምሮ ሕክምና የሚጠቀሙበትን መስፈርት አነጻጽረው በጽሑፍ እንዲይዙ፣ ሲጠየቁም እንዲያሳዩ አዘዘ። ይህንን የሚያጠናክር ደንብ በ2024 ወጥቶ ነበር፤ ሜይ 2025 ላይ መንግሥት አዲሶቹን ክፍሎች እንደማያስፈጽም አስታወቀ። የ2008ቱ ሕግና የንጽጽሩ ግዴታ ግን አሁንም አሉ።

ስለዚህ ሕጉ አለ። የጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቶ የሚቀር ቤተሰብ የትም አይቆጠርም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚነሣው በአብዛኛው አቤቱታ ሲደርሰው ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ አቤት አይልም። ያፍራል፤ ከፍሎም ቢሆን ይደብቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የሀገሬ ልጆች ወደ ማዕከላችን ሲመጡ አያለሁ፤ ሲከለከሉ ይግባኝ የሚሉት በጣም ጥቂት ናቸው።

ክልከላውን በጽሑፍ ተቀበዪ። ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ፤ ግን አትጠብቂ። ሐኪሙ "አስቸኳይ ነው" ካለ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት ግዴታቸው ነው። ማዕከሉ ውስጥ ያከመው ሐኪም ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ እንዲነጋገር ጠይቂ፤ አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ይፈታል። የተጠቀሙበትን መስፈርት፣ የወንድምሽን ሙሉ ፋይልና ያንን የንጽጽር ሰነድ ላኩልኝ በዪ። ወንድምሽ አዋቂ ስለሆነ አንቺን የወከለበት ፊርማ ያስፈልጋል። የውስጥ ይግባኙ ካልተሳካ ከኢንሹራንሱ ውጪ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው በ4 ወር ውስጥ መጠየቅ ይቻላል፤ የእሱ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል።

ምስክርነቱ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ። የ2008ቱን ሕግ የገፉት ሰዎች ገመናቸውን ይዘው የወጡ ናቸው። ፒት ዶሜኒቺ የኒው ሜክሲኮ ሪፐብሊካን ሴናተር ነበሩ፤ ልጃቸው ስኪዞፍሬኒያ ነበረባት። ፖል ዌልስቶን የሚኒሶታ ዴሞክራት ነበሩ፤ የወንድማቸውን የአእምሮ ሕመም እያዩ ነው ያደጉት። ሕጉን ሳያዩ በ2002 በአውሮፕላን አደጋ አረፉ፤ ሕጉ የሁለቱንም ስም ይዟል። በተወካዮች ምክር ቤት ጂም ራምስታድ የሚባሉ ሪፐብሊካን ነበሩ። በ1981 ጠጥተው ራሳቸውን ስተው ሳውዝ ዳኮታ እስር ቤት ውስጥ እንደነቁ በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ዴሞክራቱ ፓትሪክ ኬኔዲ በ2006 የኮንግረሱ ሕንፃ ካፒቶል አጠገብ መኪናቸውን ካጋጩ በኋላ ወጥተው ስለ ሱሳቸው ተናገሩ፤ ከሱስ ለመውጣት ያገዟቸውም ራምስታድ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሌላው ነገር ሁሉ ላይስማሙ ይችላሉ። ያገናኛቸው በየቤታቸው የገባው በሽታ ነው።

ወንድምሽን ግን ሳታስፈቅጂ አትሂጂ። ታሪኩ የእሱ ነው። በጽሑፍ የምታስገቢው ምስክርነት የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ "ወንድሜ" ብለሽ ብቻ ጻፊ፤ ስሙን፣ የሚሠራበትን፣ የታከመበትን ተዪው። የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ የበለጠ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ አንቺ ራስሽ አሳልፈሽ አትስጪው። የሚሰጡሽ ደቂቃ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሊሆን ይችላል። ልቅሶ አያስፈልግሽም። ምን ሕክምና እንደጀመረ፣ በምን ምክንያት እንደተቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት ተናገሪ። ከዚያ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጊ አንድ ነገር ጠይቂ። የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ነው ያለውን ቀን ኢንሹራንሱ ሲቆርጥ፣ ይግባኙ እስኪያልቅ ክፍያው አይቋረጥ።

አባባ፣ ለእርስዎም ልመልስ። ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የምለምነው መድኃኒቱን አስጥለው እንዳይወስዱት ብቻ ነው። በተለይ የሄሮይን ወይም የፌንታኒል ሱስ ያለበት ልጅ ሜታዶኑን ወይም ቡፕረኖርፊኑን አቋርጦ ሀገር ቤት ከርሞ ሲመለስ፣ ሰውነቱ የድሮውን መጠን መቋቋም አይችልም። አንዴ ከተሳሳተ ያኔ ነው የሚሞተው። ስለ ሜዲኬር ለጠየቁት፣ የ2008ቱ ሕግ እሱን አይነካውም። ሜዲኬር ለአእምሮ ሕክምና ብቻ በተቋቋመ ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም የሚከፍለው በዕድሜ ልክ ለ190 ቀን ብቻ ነው። ለልብ ወይም ለኩላሊት እንዲህ ያለ የዕድሜ ልክ ገደብ ያለው ሆስፒታል የለም። ይህን ማንሳት የሚችለው ኮንግረስ ነው፤ ለተወካይዎ ጽሑፍ መላክ ካሰቡ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ለባለቤትዎ ግን ዛሬም የሚገኝ ነገር አለ፤ የሐኪም ጉብኝትና የሥነ ልቦና ምክር ሕክምና በሜዲኬር ይሸፈናል። እባክዎ አልጋ ላይ አይተዉአቸው።

ዮናስ ከዳላስ

ማርታ፣ አመሰግናለሁ። ግን እናንተ ሜሪላንድ ውስጥ የምትከራከሩት ስለ ቀን ብዛት ነው። እኛ ቴክሳስ የኢንሹራንስ ካርዱም የለንም።

የአክስቴ ልጅ ዜጋ ነው። ድምፅ ይሰማዋል፤ ሥራ አይበረክትለትም፤ አንዳንዴ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይሠራል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድ ስንጠይቅ ልጅ የሌለው ጎልማሳ ነህ ተብሎ አይገባህም አሉት። በኦባማ ሕግ ኢንሹራንስ የሚሸጥበት ማርኬትፕሌሱ ደግሞ ገቢህ ዝቅተኛ ስለሆነ ድጎማ አይደርስህም አለው። ደሃ በመሆኑ የደሃ እርዳታ ተከለከለ ማለት ነው! በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜዲኬይድን ማስፋት የየግዛቱ ፈንታ ነው ስላለ፣ ቴክሳስም ጆርጂያም ፍሎሪዳም እስካሁን እንደ እናንተ አላሰፉም። በእነዚህ ግዛቶች ስንት ሐበሻ እንዳለ አስቡት። የልጁ ሕክምና ድንገተኛ ክፍልና ፖሊስ ሆኗል። ሰላም፣ አንቺ መናገር ከቻልሽ ተናገሪ። እኛ ጋ ገና ካርዱን ስጡን ብለን ነው የምንጮኸው።

ሰላም ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማርታ፣ ጽሑፍሽን ለወንድሜ አነበብኩለት። ስለ ገምጋሚው የጻፍሽውን ሲሰማ "ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሆነው" አለ። ተነሥቶ የውክልናውን ወረቀት ፈረመልኝ። ስለ ምስክርነቱም "ስሜን አትጥሪ እንጂ ሂጂ" ብሏል። እናቴ ገና ናት፤ ግን የሴናተሩ ልጅ የአእምሮ ሕመም እንደነበረባት ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "እሷስ ተሻላት?" ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር። መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ስጠይቅ "ኢንሹራንሱ ካርዱ ላይ ስሙ ቢኖርም ወጪውን የሚከፍለው ድርጅታችን ራሱ ነው" አሉኝ። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ማርታ ከሮክቪል

ያመጣል፤ ቀድመሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ድርጅቱ ራሱ ከፋይ ከሆነ ኢንሹራንሱ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እንዲህ ያለውን ፕላን የግዛት የኢንሹራንስ ሕግ አይነካውም፤ የሚገዛው የፌዴራል ሕግ ነው። ስለዚህ አናፖሊስ ላይ የሚወጣው ሕግ ለወንድምሽ ፕላን አይደርስም። ይህን የምነግርሽ እንድትቀሪ አይደለም፤ የሚደርሳቸው ሌሎች ብዙ ቤተሰቦች አሉ፣ እነሱም ምስክር የላቸውም። ግን እያወቅሽ ሂጂ። አንድ የምክር ቤት አባል "የወንድምሽ ፕላን የትኛው ነው?" ብሎ ቢጠይቅሽ እውነቱን ንገሪው፤ ምስክርነትሽ የሚከበረው ያኔ ነው።

ለወንድምሽ ደግሞ መንገዱ የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው። የሠራተኞችን ጥቅማ ጥቅም የሚከታተል ክፍል አለው፤ ስልኩ 1-866-444-3272 ነው። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ለመሥሪያ ቤቱም ለኢንሹራንሱም ደውለው ሲያናግሩ በሥራዬ አይቻለሁ፤ ያኔ የመልሱ ቃና ይለወጣል። የይግባኙን ቅጂ፣ የደወልሽበትን ቀንና ያነጋገረሽን ሰው ስም ጽፈሽ ያዢ። ደብዳቤው ካልገባሽ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቂ፤ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ጀርባ አማርኛም ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ልጅን አታስተርጉሙ።

እዚህ ላይ ነው የኮንግረሱ ጥያቄ የሚመጣው። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ፕላኑ የ2008ቱን ሕግ መጣሱን ቢያገኝ እንኳ የገንዘብ ቅጣት የመጣል ሥልጣን የለውም። "አስተካክሉ" ይላል፤ ይከራከራል፤ ይከሳል። ለፌዴራል ተወካይሽና ለሴናተሮችሽ የምትጽፊው ደብዳቤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖረው "ለሠራተኛ ሚኒስቴር የመቅጣት ሥልጣን ስጡት" የሚል ይሁን።

ዮናስ፣ ያልከው ልቤን ነካው። ሙግትህ ከእኛ ይቀድማል። ለአሁኑ ግን ቴክሳስ ውስጥ በየአካባቢው ለአእምሮ ጤና የተቋቋመ የመንግሥት አካል አለ፤ ኢንሹራንስ የሌለውንም ይቀበላል፣ መክፈል ስላልቻለ አይመልሰውም። የዳላስ አካባቢው የሰሜን ቴክሳስ የባሕርይ ጤና ባለሥልጣን ይባላል። ወረፋ ቢኖርም አስመዝግበው። እኛም ሜዲኬይዱ አለን ብለን የምንተኛበት ጊዜ አይደለም። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ በተስፋፋው ሜዲኬይድ ላይ ያሉ ብዙ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። የሱስ ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከዚህ ነፃ ነው። ነፃ መሆኑን ግን ማን ያረጋግጥለታል? ድምፅ የሚሰማው ልጅ ፎርም ሞልቶ በቀኑ ይመልሳል? ግዛቱ በእጁ ካለው የሕክምና መረጃ ራሱ አይቶ ነፃ ያድርጋቸው ብለን አሁኑኑ መጠየቅ አለብን። ሰላም፣ አናፖሊስ ላይ የሚተርፍ ደቂቃ ካለሽ ይህንንም ጨምሪልን።

የንጽጽሩን ሰነድ ሲልኩልሽ ስለ ማገገሚያ የሚያወራውን ገጽ ፈልጊና፣ የወንድምሽን ስም ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊልኝ። አብረን እናነበዋለን።